አንድ ጊዜ ይበሉልኝ

ምላሴ ከመርፌዬ እንደሚፈጥን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስሰፋ እውላለሁ፣ ስከራከርም እውላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ቀን ሁለት ጊዜ አፌ ተዘጋ ስላችሁ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ ነው።

ልጄ እናንየ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ዛሬ መተማ፣ ነገ ሞጆ ነው። እኔም ሱቄን ገና መክፈቴ ስለ ነበር ጡት እንደ ጣለች ገጠር፣ ዲማ ወስጄ ለአባቴ ሰጠኋት። አባቴ የፊደልና የንባብ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል፤ እኔም ከእግራቸው ሥር ፊደል የቆጠርኩ ነኝና ከሕፃንነቴ ጀምሮ የኔታ እንጂ አባዬ ብያቸው አላውቅም።

የኔታ ሲያስተምሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከወይራው ሥር ይቀመጡና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው፣ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆሙ፣ ሁሉም የየራሱን ይጮኻል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዱ አንዲት ቃል ቢያበላሽ፣ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አንተ፣ መልሰህ በላት" ይላሉ። ልጁ ካቃተው ራሳቸው አንድ ጊዜ ይሉለታል፤ እሱ ተቀብሎ ይላል። መጽሐፍ አያዩም። ሁሉም በልባቸው ነውና ምን ሊያደርግላቸው። ደግሞ ተማሪ አያመሰግኑም፤ ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያስታብየዋል ባይ ናቸው። እጅግ ደስ ሲላቸው ጺማቸውን ያሻሉ፤ ፈገግታቸውን እየደበቁ መሆኑን የምናውቅ እናውቃለን።

እናንየ ያደገችው ከዚህ ወይራ ሥር ነው። ፊደሉን ቆጠረች፣ አቡጊዳውን ወረደችው፣ መልእክተ ዮሐንስን ጨርሳ ዳዊት ጀመረች። አንዴ የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አይወጣም። ለዓመት በዓል በሄድኩ ቁጥር ስንደዶዋን መጽሐፉ ላይ እየነዳች ስትወርደው፣ ጎረቤቶች ከበው ያዳምጧታል፤ የኔታም ጺማቸውን ያሻሉ።

መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ላስገባት ወደ ማርቆስ አመጣኋት። እውነቱን ልናገርና፣ ተኩራራሁ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ነይ እስቲ ለእትዬ ድገሚላቸው" እላለሁ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየችኝ። ቁራጭ ጨርቅ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ "ይሄ ሳቲን ነው፣ ይሄ ቴትሮን ነው፣ ይሄ ከፋይ ነው" ትላለች። ወለል ላይ የወደቀ አዝራር በመዳፏ እየዳበሰች ትለቅምልኛለች። እኔ ሆዬ "እጇ የልብስ ሰፊ እጅ ነው" እያልኩ ሰፈሩን አዳርሳለሁ። ሲመሻሽ ዓይኗን ታሻለች፤ "እማ፣ ራሴን አመመኝ" ትላለች። እንቅልፍ ነው እላታለሁ።

ኅዳር ላይ የክፍል መምህርቷ አስጠራችኝ።

"እናንየ በጣም ጥሩ ልጅ ናት" አለች። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ወሬ መጨረሻው ደግ እንደማይሆን የታወቀ ነው። "ግን ፊደል አልለየችም።"

"ምን አልሽ?"

"በቃሏ ሀ ሁን እንደ ጉድ ትወርደዋለች። ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ብቻውን ጽፌ፣ ይህን አንብቢ ስላት ግን ዝም ነው። ጽሑፏም ከመስመር ይወጣል። ጓደኞቿ እኮ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ጀምረዋል።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። "ልጄ ዳዊት ጀምራለች። አንቺ ዳዊት ደግመሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። እርስዎ ማለቱ ሁሉ ጠፋኝ። መምህርቷ ግን አልተቆጣችም፤ ጭራሽ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"እትዬ፣ ወደ አፀደ ሕፃናት ትውረድ ብለን ተነጋግረናል። ከዚያ በፊት ግን ዓይኗን ያሳዩልኝ። ችግሩ የዓይን ከሆነ እኔው ጋ ትቆይና መላ እንፈልጋለን። ዓይኗ ደህና ከሆነ ግን ሰኞ ታች ክፍል ትገባለች።"

ለየኔታ ስልክ ደወልኩ። "እናንየ ፊደል አትለይም ተባለ" ስላቸው "መጣሁ" ብለው ዘጉት። በማግስቱ ጠዋት መነሐሪያ ተቀበልኳቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመዋል፤ እኔ ጠርዙን የዘመዘምኩላቸውን ጋቢ ደርበዋል። እናንየ ገና ከሩቅ ሳልነግራት፣ መቋሚያቸው ድንጋዩ ላይ ኳ ሲል ሰምታ "አባባ" ብላ ሮጠች።

"ዓይኗ እንደ ብርሌ የጠራ ነው" አሉ የኔታ ጉንጯን ይዘው እያዩዋት። "ምኑን ነው የሚያዩት?"

"ይዩትና ይለይልን፣ የኔታ።"

ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄድን። መንገዱን በሙሉ እናንየ በመካከላችን ተቀምጣ የአያቷን ጣት እየቆጠረች ትጫወታለች። እኔ የማስበው ሰኞን ነው። ይቺን የመሰለች ልጅ ከጨቅላ ጋር ስትቀመጥ፣ ልጆች "ደደብ" ሲሏት ታየኝ።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው። ተራ የሚጠብቀውም የሚመረመረውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ፊደላት ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ምርመራውን የምትሠራው ባለሙያ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ከኛ በፊት የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች ተራ በተራ አንድ ዓይናቸውን እየሸፈኑ "ተ፣ ወ፣ ከ" እያሉ እስከ ታች ወረዱ። እናንየ እግሯን እያወዛወዘች አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ተራችን ደረሰ።

"ነይ ሚጣ። ግራ ዓይንሽን ሸፍኚና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።"

እናንየ ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ተማሪ ቀጥ አለች። ጀመረች። ከትልቁ ፊደል እስከ ታችኛው መስመር አንድም ሳትሳሳት ወረደችው። ዓይን ቀየረች፤ አሁንም ወረደችው።

"ጎበዝ" አለች ባለሙያዋ። "የማየት ችግር አይታየኝም። ዓይኗ ደህና ነው።"

አፌ የተዘጋው አንዱ ያኔ ነው። የልጅሽ ዓይን ደህና ነው የተባለች እናት እሰይ ማለት ይገባታል። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ዓይኗ ደህና ከሆነ እንግዲህ ችግሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ማለት ነው። የማይድነው እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልል እጇን ይዤ ወጣሁ።

ከበሩ ወጥተን ባጃጅ ልጠራ ስል የኔታ የሉም። ዞር ብል፣ ደጃፉ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ከድነው ቆመዋል።

"የኔታ፣ አመመዎ?"

"አላነበበችም" አሉ።

"አንድ ሳትስት አነበበች እኮ። ሰምተዋል።"

"ስለ ሰማሁ ነው። የሚያነብ ልጅ ፊደሉ ዘንድ ሲደርስ ትንፋሹ ትንሽ ያዝ ይላል፤ አይቶ ነውና የሚናገረው። እሷ እንደ ውኃ ወረደችው። ዳዊቱንስ ደጋግማዋለች፣ ይውረድ። ይህን ሰሌዳ ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ያላጠናችውን እንዴት እንዲህ ታወርደዋለች? የሸመደደ ድምፅ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ነው። ተመለሽ።"

ተመለስን። አንድ ሽማግሌ በሰው ሥራ ሲገቡ ባለሙያዋ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና ፈገግ አለች። "እስቲ እንይ አባቴ። ሚጣ፣ አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ አንብቢልኝ" አለች።

ከታች ወደ ላይ ወጣችው። የቄስ ተማሪ መሆኗን ማን ነግሯት፤ ፊደል ሽቅብ ቁልቁል መቁጠር ለነሱ የዕለት ጨዋታ ነው። እኔ የኔታን አየሁ፤ የኔታ ግን እንደ ከደኑ ናቸው።

ያኔ ባለሙያዋ ከመሳቢያዋ ሌላ ካርቶን አወጣች። ዝም ብላ፣ ምንም ሳትናገር፣ በሰሌዳው ላይ ደርባ ሰቀለችው። ሌሎች ፊደላት ናቸው። ወንድማማቾቹም ሆኑ ሌላ ማንም ገና አልጠራቸውም።

"አሁን ደግሞ ይህን።"

እናንየ እጇን አጣመረች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ከዚያ ፊቷን ከካርቶኑ መለሰችና ጆሮዋን ወደ ሴትዮዋ አቀናች። ጠበቀች። ማንም ሳይናገር ሲቀር፣ ግራ እንደ ገባት ሆና፣ በጨዋ ድምፅ፣

"እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይበሉልኝና እኔ እላለሁ" አለች።

ሁለተኛው ይህ ነው። አፌ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዬ ተዘጋ። ልጄ አልዋሸችም፤ ማንንም አላታለለችም። ንባብ ማለት ይህ ነው የሚመስላት። ሰው አንድ ጊዜ ይላል፣ ሌላው ተቀብሎ ይላል። መጽሐፍ ማለት ጣት የሚሄድበት ደብዛዛ ነገር ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያነብ ነው የሚመስላት።

የኔታ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። "ከወይራው ሥር ዝም ስትል ሁልጊዜ እኔው እልላት ነበር" አሉ ለማንም ሳይሆን።

ባለሙያዋ እናንየን ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ጨመረችባት። ጥቁሩ እስኪሰፋ ጠበቅን። ከዚያ መጋረጃውን ስባ ክፍሉን አጨለመችና ትንሽ መብራት ይዛ ፊቷ ተቀመጠች። "አሁን አንቺ ምንም አትበይ፤ ዓይንሽ ራሱ ይነግረኛል" አለቻት። መብራቱን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰች፣ በዓይኗ ፊት ክብ ክብ መስታወት እያፈራረቀች ብዙ ቆየች። እኔ ባለሙያዋ ፊት ላይ የሚጻፈውን ለማንበብ እሞክራለሁ። ምንም አይነበብም።

መጋረጃውን ስትከፍት "ሁለቱም ዓይኖቿ ከባድ መነጽር ይፈልጋሉ" አለች። "ቅርቡም ሩቁም ይደበዝዝባታል። ፊደል ለእሷ የጨርቅ ላይ እድፍ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያደረሳት ጆሮዋ ነው።"

"ለምን አልነገረችኝም?" አልኩ።

"ምን ብላ ትንገርሽ? አጥርታ አይታ አታውቅም። የማታውቀውን ጎደለኝ አትልም።"

"ይድናል?" አሉ የኔታ። ድምፃቸው ያስተማሪ ድምፅ አልነበረም።

"አባቴ፣ ዓይን ማየትን የሚማረው በልጅነት ነው፤ እንደ እርስዎ ተማሪ ይቁጠሩት። በልጅነቱ አጥርቶ ማየትን ያልተማረ ዓይን፣ ካደገ በኋላ መነጽር ቢያደርጉለትም ይሰንፋል። እሷ ጊዜዋ አላለፈም። ከእንግዲህ ግን የምናባክነው ጊዜ የለንም። ከእንቅልፍ በቀር ሳታወልቅ ታደርጋለች፤ ቀስ በቀስ ይጠራላታል።"

ከዚያ ያንን ከባድ የመሞከሪያ መነጽር አፍንጫዋ ላይ አኖረችላትና ክቦቹን አንድ በአንድ ጨመረችበት። እናንየ ራሷን ማሰሮ እንደ ተሸከመ ሰው ቀጥ አድርጋ ያዘች። ግድግዳውን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ትንፋሽ እንኳ አላሰማሁም።

"እማ" አለች፣ "እያለቀስሽ ነው?"

ልጄ ሐዘኔን ሁልጊዜ ከድምፄ ነበር የምታውቀው። ድምፄ ከተሰበረ ትመጣና ጉልበቴን ታቅፋለች። ዝም ብዬ ያለቀስኩትን ግን አይታልኝ አታውቅም ነበር። ያን ቀን አየችው።

መነጽሩ ተሠርቶ ከባሕር ዳር መጣ። ሮዝ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ዓይኗን አጉልቶ የጥጃ ዓይን ያስመስለዋል። መጀመሪያ ያየችበት የጋቢዬን ጠርዝ ነበር። "እማ፣ ስፌትሽ ጠማማ ነው" አለችኝ። ደንበኛ ቢለኝ ኖሮ መቀሱን አነሣበት ነበር፤ እሷን አቅፌ ሳምኳት። መምህርቷ ዘንድ ሄጄም ስለ አፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። እናንየን የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ሰኞም አለፈ፣ ሌላ ሰኞም አለፈ፣ ታች ክፍል የወረደ የለም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ዓይኔን ይላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ። አይልም። ዓይኑን ቢያሽ፣ ራሴን ቢል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቢያይ፣ መጽሐፍ ሲሰጡት ወሬ ቢጀምር፣ እንቅልፍ ነው፣ ስንፍና ነው፣ ጠባይ ነው አትበሉ። ደግሞ ጎበዝ የሆነውን ልጅ ከሰነፉ እኩል አስመርምሩት፤ ጎበዝ ልጅ ጉድለቱን በምን እንደሚሸፍን አታውቁም። የኔ ሸፍናው የኖረችው በዳዊት ነው። ስትመረመርም አጠገቧ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር። ይህን ከኔ ውሰዱ፤ በነፃ ነው።

የኔታም ተለውጠዋል። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣላቸው ፊደል ከማስቆጠራቸው በፊት ራቅ አድርገው ያቆሙትና አንድ ዓይኑን አስከድነው "በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?" ይሉታል፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከመጡት አንዱን ይዘው ራሳቸው ማርቆስ ድረስ አምጥተውታል። የራሳቸውን ዓይን ለማስመርመር ግን እስከ ዛሬ ትግል ላይ ነን። "እኔ የማየውን አይቻለሁ" ይሉኛል።

ለፋሲካ ዲማ ሄድን። ከበዓሉ ማግስት የኔታ እናንየን ከወይራው ሥር ጠሯት። ዳዊቷን ይዛ መጣች፤ እሱን ተቀብለው ወደ ጎን አኖሩት። ይልቁንም በከሰል የተጻፈበት አንድ ጣውላ አምጥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት። ሁለት ቃል ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየሁት፤ አፌን ግን በእጄ ያዝኩት።

"በይ" አሏት።

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። ጎንበስ አለች። ጆሮዋን ወደ ማንም አላዞረችም።

"ጎ..." አለች። ቆመች። ትንፋሿ ያዝ አለ። "ጎ... በ... ዝ።" ምራቋን ዋጠች። "ል... ል... ጅ።"

ዳዊትን እንደ ውኃ የምታወርደው ልጅ ሁለት ቃል ላይ ተንተባተበች። ሌላ ተማሪ እንዲህ ቢንተባተብ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "መልሰህ በላት" ይሉ ነበር። ያን ዕለት ዓይናቸውን ገልጠው፣ አፏን አፏን እያዩ፣ ምንም አላሉም።

"ጎበዝ ልጅ" አለች አሁን አያይዛ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። "አባባ፣ ይሄን እኮ አንድም ቀን ብለውልኝ አያውቁም።"

"አዎ" አሉ የኔታ። "ለዚህ ነው የጻፍኩት።"

ፈገግ አሉ፤ ጺማቸውንም አላሹም።